ያልረጋው ወተት

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኒውዚላንድ የአይብ ፋብሪካዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ይደጋገም ጀመር። ንጹሕ ወተት ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ ደህና እርሾ፣ ማለትም ወተት የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ፣ ይጨመርበታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ወተቱ አልኮመጠጠም። ትናንት ሲሠራ የዋለው እርሾ ዛሬ ሞቶ ይገኛል። ማን ገደለው?

በፓልመርስተን ኖርዝ የወተት ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሂዩ ዋይትሄድ፣ በድብልቅ እርሾ ፈንታ ከአንድ ዘር ብቻ የተራባ እርሾ አስለምዶ ነበር። ዕድል የከፈተችለት በር ይኸው ነው። በድብልቁ ውስጥ አንዱ ዘር ቢያልቅ ሌላው ይሸፍንለታል፤ ብቻውን የቆመ ዘር ሲያልቅ ግን ሞቱ አይደበቅም።

ዋይትሄድና ባልደረባው ኮክስ ከከሸፈው ወተት አጓቱን ወስደው ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉት። ጥርት ብሎ ከወጣው ፈሳሽ ጥቂት ጤነኛ እርሾ ላይ ጠብ አደረጉ። ጤነኛውም ሞተ። ከሞተው አጥልለው ለሌላ ሰጡት፤ ያም ሞተ። መርዝ ቢሆን ኖሮ በየዙሩ እየቀጠነ በጠፋ ነበር። ይህ ግን እየተራባ ሄደ! ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ደጋግሞ የመጠየቅ ትዕግሥቱ ግን ያስደንቃል።

በ1935 ጠላቱን በስሙ ጠሩት፦ ባክቴሪዮፋጅ፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ።

ስሙ መታወቁ ግን አላስቆመውም። ፋብሪካዎቹ ዕቃቸውን በክሎሪን አጠቡ፣ እርሾ አፈራረቁ፣ የእርሾ ክፍላቸውን ዘጉ። ፋጁ በአየር ላይ በሚበተን የአጓት ብናኝ ተሳፍሮ ተመለሰ። ወተቱን አስገብቶ ፋጁን ብቻ የሚያስቀር ግድግዳ ከየት ይምጣ?

ከባሕር አረም መጣ። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ስቴንሰን፣ ክሌንሃመርና ስዌይስጉድ ባክቴሪያውን ከቡናማ የባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔት ለወሱት። የዚህ ዘዴ ምሥጢር ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረጉ ላይ ነው፤ ጠብታዋ ውሃውን እንደነካች ክብነቷን ሳትለቅ እንደ ማሽላ ፍሬ ድብልብል ብላ ትረጋለች። የወተቱ ስኳር ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ አሲዱ ይወጣል። ፋጁስ?

መልሱ በ1987 ታተመ። ፋጁ ወተቱ ውስጥ ልቅ የነበሩትን ባክቴሪያዎች ፈጃቸው፤ የረጋውን አልጂኔት ዘልቆ መግባት ስላልቻለ ግን በፍሬዎቹ ውስጥ ያሉት ተረፉ።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የሚያመነጩት ላክቲክ አሲድ፣ ከወተቱ ፎስፌት ጋር ሆኖ፣ አልጂኔቱን አጥብቆ የያዘውን ካልሲየም ይነጥቃል፤ ፍሬዎቹም እየላሉ ይሄዳሉ። በካናዳው ላቫል ዩኒቨርሲቲ እነ ክሪስቶፍ ላክሩዋ ሌላ የባሕር አረም ውጤት የሆነውን ካራጊናን ከካሮብ ዘር ሙጫ ጋር እየቀላቀሉ አዲስ ጠብታ ያንጠባጥቡ ያዙ።