በምጥ ላይ ያለች እናት ብቻዋን አትተው

«ምጥ ያዛት» የተባለ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ይሯሯጣል። አንዱ መኪና ፍለጋ ይወጣል፣ ሌላው ጨርቅ ያዘጋጃል፣ እናቶች ዱዓ ይይዛሉ። ጤና ተቋም ከተደረሰ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ እናቲቱ ብቻዋን ትገባለች፤ ቤተሰቡም ከበር ውጭ ይቀራል። ረዳት በጣም የሚያስፈልጋት ግን በዚያን ሰዓት ነው።

ምጥ በሽታ አይደለም። ማኅፀን እየተኮማተረ በሩን ቀስ በቀስ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚከፍትበት ከባድ ሥራ ነው። ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ሲሆን ፍርሃትና ድንጋጤ ምጡን ሊያዘገዩት ይችላሉ። ስለዚህ እናቲቱን ማረጋጋት ራሱን የቻለ እርዳታ ነው።

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ከ17 አገሮች የተገኙ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶችን የሚመለከቱ ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ከጎናቸው ረዳት ያልተለያቸው እናቶች ምጣቸው አጠር ያለ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸውም ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ማንኛዋም ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል።

ረዳቷ ምን ታድርግ?

ረዳቷ እናት፣ እህት ወይም አማት ልትሆን ትችላለች፤ ባልም ቢሆን ይችላል። ክፍሉ የሌሎች ወላዶችም ከሆነ ግን ለሐያእ ሲባል ሴት ብትሆን ይመረጣል። ምጡ እስኪበረታ እናቲቱን ደግፋ ታራምዳት፤ ስትደክም በጎኗ ታስተኛት። በጀርባ መንጋለል ማኅፀኑ ትልልቆቹን የደም ሥሮች እንዲጫን ያደርጋል። ወገቧን ትሽላት፤ ሽንቷን በየጊዜው እንድትሸና ታስታውሳት።

ሐኪም ካልከለከለ ውኃና ቀለል ያለ ምግብ ትስጣት። ሱረቱ መርየም እንደሚተርከው መርየም (ዐ.ሰ.) ምጥ በያዛት ጊዜ ከተምር ዛፍ ሥር ሳለች እንድትበላና እንድትጠጣ ተነግሯታል።

ሆድ መጫን ወይም ማሸት፣ ጊዜው ሳይደርስ «አምጪ!» እያሉ መጮኽ ግን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ሕፃኑ ሲወለድ

ሕፃኑ ደህና ከሆነ ወዲያው ተጠራርጎ በእናቱ ደረት ላይ ይደረግ፤ እትብቱም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተቆይቶ ይቆረጥ። አዛኑን እዚያው እቅፏ ውስጥ እንዳለ ማሰማት ይቻላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፤ ቅቤ ማላስ አያስፈልግም።

መዘግየት የማይገባው

በተፈጥሮ መውለድ ማለት ያለ ባለሙያ መውለድ ማለት አይደለም። ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከያዛት፣ የሕፃኑ እጅ ወይም እትብት ከቀደመ፣ ምጡ ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም የእንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ለውሳኔ ሽማግሌ መጠበቅ አይገባም። እነዚህን ምልክቶች አስቀድማ የምታውቅ ረዳት ነፍስ ልታድን ትችላለች።

ስለዚህ እህቶች፣ በእርግዝናው ወራት ከባለቤቶቻችሁ ጋር ተማክራችሁ ረዳታችሁን ምረጡ፤ ወደ ክትትልም አብራችሁ ሂዱ። አብራ መግባት ትችል እንደሆነም አዋላጇን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አላህ በሰላም ያገላግላችሁ፤ አሚን።