ለአንድ ልጅ የተደረገ ምሕረት ለሁሉ ሕግ ሲሆን



በጉባኤያችን መካከል አንድ ወንድም ታሞ የሕክምና ገንዘብ ሲያጣ መዋጮ እናደርግለታለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ችግሩን የሚያወራለት ሰው ያጣ ሕመምተኛ ወዴት ይሂድ? ለዚህ ጥያቄ በሕግ መልስ ከሰጡት አገሮች አንዷ ካናዳ ናት። ሥራው የተጀመረውም ሳስካችዋን በምትባል ክፍለ ሀገር ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶሚ ዳግላስ በልጅነቱ የጉልበቱ አጥንት መርቅዞ እግሩ ሊቆረጥ ነበር። ወላጆቹ ለታላላቅ ሐኪሞች የሚከፍሉት አልነበራቸውም። አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ግን ተማሪዎቹ ቆመው እንዲመለከቱ ከተፈቀደለት ያለ ዋጋ እንደሚያክመው ተናገረ፤ እግሩም ዳነ። ዳግላስ ይህን አልረሳም። የድሀ ልጅ ጤና እንዲህ ባለ አጋጣሚ ላይ መንጠልጠል እንደሌለበት አመነ። በ1930 በዚያው ክፍለ ሀገር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆነ፤ በ1944 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሪ ሆኖ ተመረጠ።

የመጀመሪያው ሕግ ከጥር 1 ቀን 1947 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ነዋሪ በዓመት 5 ዶላር፣ አንድ ቤተሰብ ቢበዛ 30 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ሆስፒታል ሲተኛም ወጪው ይሸፈንለት ነበር። አሠራሩ እድራችንን ይመስላል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይረዳበታል። ልዩነቱ እድር አባሎቹን ብቻ ሲያቅፍ፣ ሕጉ የክፍለ ሀገሩን ሕዝብ ሁሉ ማቀፉ ነው።

ቀጥሎ የሐኪሞችን ዋጋ የሚሸፍን ሕግ በ1961 ወጣ። ሕጉ ሥራ በጀመረበት በሐምሌ 1 ቀን 1962 አብዛኞቹ ሐኪሞች ነጻነታችን ይነካል በማለት ሥራ አቆሙ። አድማው 23 ቀን ቆየ። በመጨረሻም በሳስካቱን ከተማ ስምምነት ተደረገ፤ ለሐኪሞቹ አንዳንድ ነገር ተለቀቀላቸው፣ ሕዝቡ ሁሉ የመታከም መብቱን ግን አላጣም። የፌዴራሉ መንግሥት በ1966 ባወጣው ሕግ ወጪውን ለመጋራት ስለ ተስማማ፣ እስከ 1972 ድረስ ክፍላተ ሀገሩ ሁሉ ይህንኑ ተከተሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሕግ ብቻውን አይፈውስም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ሐኪሞችም ካልተስማሙ ሥራው ይቆማል። በካናዳም ቢሆን ዛሬ ልዩ ሐኪም ለማግኘት ብዙ ወራት የሚጠብቁ አሉ።

በአገራችንም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉት ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን የምዝገባውን ጊዜ ለሕዝቡ በወቅቱ ያሳውቁ። የጉባኤ ሽማግሌዎችም ከድሆች ዝርዝር ውስጥ የተዘለለች መበለት እንዳትኖር ይጠይቁ። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲጠፋ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከትም ይገባል፤ ከፍሎ ያልታከመ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመዘገብምና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።