በእጅ የተሠራ አውሮፕላን እንዴት ይታዘዛል?

በአገራችን አውሮፕላን መሥራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት «ፀሐይ» አዲስ አበባ ላይ የበረረችው በ1928 ዓ.ም. ነው። አስመላሽ ዘፈሩም ሙያውን ራሱን አስተምሮ የሠራትን «ኬ-570ኤ» በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ ሲያቀርባት፣ ሞተሯ ከአሮጌ ቮልስ መወሰዱ ብዙዎችን አስገርሟል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚቀረው ሥራ ነው፤ አውሮፕላኑ የአብራሪውን እጅና እግር መስማት አለበትና።

ይህን የሚፈጽሙት ሦስት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ናቸው። ከክንፎቹ ኋላ ያሉት ኤሌሮኖች ወደ ጎን ያጋድሉታል፤ ጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ረደር ወደ ግራና ቀኝ ያዞረዋል። በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ እነዚህን የሚስበው ጥንድ የብረት ገመድ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ላየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ዛቡ ከላላ ፈረሱ የጋላቢውን ሐሳብ ዘግይቶ ይሰማል።

ገመዱን የመወጠሩ ሥራ የሚጀመረው መሪውን መካከል ላይ አስሮ ነው። ከዚያ ተርንባክል የተባለው ማጥበቂያ ይዞራል። አንዱ ጫፉ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚዞር ጥርስ ስላለው መካከሉ ሲሽከረከር ሁለቱም ገመዶች አብረው ይሳባሉ። ከሦስት በላይ ጥርስ ውጭ ከታየ ይዞታው አያስተማምንም። ሲያበቃ እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል።

ውጥረቱ በመለኪያ እንጂ በግምት አይታወቅም። ከበዛ መሪው ይከብዳል፤ ካነሰ ኤሌሮኑ በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል፤ ይህም በሰከንዶች ውስጥ ክንፍ ይገነጥላል። ብርድም ይቆጠራል። አልሙኒየም ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚኮማተር፣ አካሉ አልሙኒየም በሆነ አውሮፕላን ላይ በቀትር የተወጠረ ገመድ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራ ማለዳ ላልቶ ይገኛል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የገመድ መገለባበጥ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ፖርቱጋል ውስጥ ተጠግኖ የተነሳ አንድ የኤር አስታና ጄት የኤሌሮን ገመዶቹ ተገለባብጠው ስለነበር ወደ ቀኝ ሲመሩት ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ስድስቱም ሰዎች የተረፉት ከብዙ ትግል በኋላ ነው።

ፍተሻው ግን ደቂቃ አይፈጅም። አውራ ጣትን ወደ ላይ አቁሞ መሪ ዘንጉን ይዞ ወደ ግራ መግፋት ነው፤ ጣቱ ባዘነበለበት ወገን ያለው ኤሌሮን መነሳት፣ የሌላው መውረድ አለበት። ከዚያ ሲገጠም ያልነበረ ሌላ ሰው መቀመጫው ላይ ገብቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይፈትሽ።