የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፦ ምልክቱ፣ መንሥኤውና ከጥገና በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትና ለልማት ሥራ ከሚያገለግሉ ተሽከርካሪዎች መካከል ብዙዎቹ ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር ፒክአፖችና የመስክ መኪናዎች ናቸው። እህል፣ ሲሚንቶ፣ የውኃ ቱቦና ችግኝ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ፈጥነው ከሚደክሙት የመኪና ክፍሎች አንዱ ፍሪሲዮን ነው። የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት መካኒኮች ባይሆኑም፣ «መኪናው ጉልበት አጥቷል» የሚለውን የሾፌሩን ሪፖርትና ከጋራዥ የሚመጣውን የዋጋ ማቅረቢያ መዝነው ገንዘብ የሚፈቅዱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፍሪሲዮን ሲንሸራተት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ከየትኞቹ ብልሽቶች መለየት እንዳለበትና ለጥገና ከመስማማት በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባ እናብራራለን። አስቀድመን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ለምን እንደ ተንሸራተተ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ሸራ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ወጪ ዳግመኛ ሊያስከትል ይችላል።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገኝ ማገናኛና መለያያ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር፣ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ሰሐን አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ሸራ የለበሰ ዲስክ ይገኛል፤ በጠንካራ የብረት ሞላ የሚገፋ ሌላ ሰሐን ደግሞ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ግፊቱ ይላላል፤ ዲስኩም ነጻ ስለሚሆን ማርሽ መቀየር ይቻላል። ፔዳሉን ሲለቅ ሦስቱ ተጣብቀው እንደ አንድ አካል ይዞራሉ፤ የሞተሩም ጉልበት ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል።

መንሸራተት ማለት እንግዲህ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተለቆ ሳለ ዲስኩ በሚገባ ሳይያዝ ቀርቶ ሞተሩ ከእርሱ ፈጥኖ ሲዞር ነው። ወደ ጎማ መድረስ የነበረበት ጉልበት በመፋተግ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ሸራውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ስለዚህ ይህ ብልሽት ጊዜ በተሰጠው ቁጥር እየባሰ የሚሄድ እንጂ ባለበት የሚቆይ አይደለም።

ምልክቶቹ

ዋነኛው ምልክት የሞተሩ ድምፅና የመኪናው ፍጥነት አለመስማማት ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፤ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቆጣሪም ከፍ ይላል፤ መኪናው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። ይህ አስቀድሞ የሚታየው ጭነት ሲበዛ፣ ዳገት ሲወጣና በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ሲነዳ ነው። በሜዳ ላይ፣ መኪናው ባዶ ሆኖ ሳለ ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው ምልክት እንደ ተቃጠለ የፍሬን ሸራ ያለ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው። ሦስተኛው፣ በብዙ መኪናዎች ላይ፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ወደ ላይ እየወጣ መሄዱ ነው፤ ቀድሞ ፔዳሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይነሣ የነበረው መኪና አሁን ፔዳሉ ሊያልቅ ሲል ብቻ ይነሣል።

ከመንሸራተት ጋር የሚምታቱ ብልሽቶች

«ጉልበት አጣ» የሚባል መኪና ሁሉ ፍሪሲዮኑ አልተበላም። የሞተሩ ዙርና የመኪናው ፍጥነት አብረው ዝቅ የሚሉ ከሆነ፣ ሞተሩ ራሱ ደክሟል ማለት ነው፤ የነዳጅና የአየር ማጣሪያዎች አስቀድመው ይታዩ። መኪናው ከብዶት ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ፣ ፍሬን ይዞ መቅረቱ ይጠርጠር። ማርሽ ሲገባ የሚንጫጫ ወይም አልገባም የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ የመንሸራተት ተቃራኒ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም ማለት ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ ዘይት በመሙላትና አየር በማስወጣት ብቻ ይስተካከላል።

ሁለት ቀላል ምርመራዎች

የመጀመሪያው በመንገድ ላይ የሚደረግ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ሰውና መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መለስተኛ ዳገት ላይ፣ ሾፌሩ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነዳጅ በኃይል ይስጥ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ቀስ ብለው ከጨመሩ ፍሪሲዮኑ ይዟል። ዙሩ ድንገት ዘሎ ፍጥነቱ ከቀረ ተንሸራትቷል።

ሁለተኛው በቆመ መኪና ላይ የሚደረግ ነው። በሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግላቸው፤ ከመኪናው ፊትና ኋላ ማንም አይቁም። ሾፌሩ የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ፔዳሉ ተለቆ ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ መንሸራተቱ የከፋ ነው፤ ወዲያውኑ ሞተሩ ይጥፋ። ይህ ምርመራ ሸራውን ስለሚያሞቅ አይደጋገም። ሞተሩ መጥፋቱም ፍሪሲዮኑ ፍጹም ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቀላል መንሸራተት የሚገለጠው በጭነትና በዳገት ነው።

መንሥኤው ምንድን ነው?

የተለመደው መንሥኤ የሸራው በአገልግሎት ብዛት ማለቅ ነው። ነገር ግን ሸራው ሳያልቅም መንሸራተት ሊመጣ ይችላል። ከሞተሩ የኋላ ክፍል ወይም ከካምቢዮው የሚያፈስ ዘይት ሸራውን ካራሰው፣ ዲስኩ አዲስም ቢሆን አይይዝም፤ የሚያፈሰው ማገጃ ጎማ ካልተለወጠ ተተኪው ሸራም እንዲሁ ይበላሻል። ፔዳሉ ሲረገጥ መጀመሪያ ላይ ሊኖረው የሚገባው ትንሽ ልል እንቅስቃሴ ከጠፋ፣ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በጥቂቱ እንደ ተረገጠ ይቆጠራል። ይህ ገመዱን ወይም የፓምፑን ዘንግ በማስተካከል ሊፈታ የሚችል ነው፤ ልኩ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። የደከመ ሞላና በሙቀት የተቃጠለ ቮላኖም ከመንሥኤዎቹ መካከል ናቸው።

የአነዳድ ልማድም ድርሻ አለው። እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ዳገት ላይ መኪናን በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም፣ ከተፈቀደው በላይ መጫን፣ ከጭቃ ለመውጣት ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ደጋግሞ ነዳጅ መስጠት፦ እነዚህ ሁሉ የሸራውን ዕድሜ ያሳጥራሉ።

«እስከሚችል ይሂድ» ለምን አይባልም?

ብዙዎች የሚንሸራተት ፍሪሲዮን የዳገት ችግር ብቻ ይመስላቸዋል። በቁልቁለት ግን ይበልጥ ያሰጋል። እንደ ዓባይ በረሃና እንደ ሊማሊሞ ባሉ ረጅም ቁልቁለቶች ላይ መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ያለው ሞተር ጭምር ነው። ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ይህ መያዣ ይደክማል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መንሸራተቱ የተረጋገጠበት መኪና ሰውም ሆነ ጭነት ይዞ ወደ እንዲህ ያለ መንገድ ሊላክ አይገባም።

ለኮሚቴዎች የምናቀርበው ምክር

ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ ስላለበት፣ የእጅ ሥራው ራሱ ከወጪው ከፍ ያለውን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ስለሆነም አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ሥራው በምልዓት መሠራት አለበት። ከጋራዡ ጋር ከመስማማታችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ፦

1. መንሥኤው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን።
2. ዲስኩ፣ ተጫኙ ሰሐንና የፍሪሲዮኑ ኩሽኔት አብረው ይለወጣሉን?
3. ቮላኖው ይመረመራልን? የተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ ከሆነ ምን ይደረጋል?
4. የዘይት ማገጃዎቹ ይታያሉን?
5. አሮጌዎቹ ዕቃዎች ለኮሚቴው ይመለሳሉን?

በአሮጌ መኪናዎች ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ብናኙ በአየር ግፊት አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ከጥገና በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አይጫን። የተለወጠበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር በመኪናው መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ቀጣዩ ኮሚቴ ሸራው ስንት እንዳገለገለ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

የተሽከርካሪዎቻችን ነዳጅም ሆነ መለዋወጫ የሚሸፈነው ከምእመናን በሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ሾፌሩ «ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይሄድም» ባለ ጊዜ በዚያው ሳምንት መመርመር ገንዘቡንም ተሳፋሪውንም ያድናል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት ነው።