ከሐኪምነት ወደ ሐኪምነት፦ ስለ ፋሚሊ ሜዲስን ሬዚደንሲ

በአትላንታና በአካባቢዋ ከሚኖረው ወገናችን መካከል፣ በሀገር ቤት የሕክምና ዶክተር የነበሩ፣ እዚህ ግን በነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን የሚያገላብጡ ወይም በመጋዘን ካርቶን የሚደረድሩ ሰዎች ያላጋጠሙት ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ብዙውን ጊዜ «ፈተናው ከባድ ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም የባለቤቴ ታናሽ እህት እዚህ ሊቶኒያ እኛ ቤት ሆና የፋሚሊ ሜዲስን ሬዚደንሲ ለመግባት ባደረገችው ጥረት ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን አብሬ አገላብጫለሁ። ሐኪሞቻችንን የሚያስቀራቸው ፈተናው ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁትም ያን ጊዜ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። በእኛ ሰው ዘንድ ፋሚሊ ሜዲስን «ያው ጠቅላላ ሐኪም» ተብሎ ይናቃል። አማቴ በስልክ ሲሰሙ «ታዲያ ስፔሻላይዝ ልታደርጊ አይደለም ማለት ነው?» ብለው አዝነው ነበር። በአሜሪካ ግን ከ1969 ጀምሮ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው፤ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ሕፃኑንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን አዛውንትም አንድ ሐኪም ለዓመታት እንዲከታተል ያሠለጥናል። ሀገር ቤትም ቢሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 በቶሮንቶና በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ ይህንኑ ሥልጠና ጀምሯል።

ቁጥሩ ደግሞ የሚያነጋግር ነው። በ2025ቱ የምደባ ውድድር፣ ማለትም በ«ማች»፣ ለፋሚሊ ሜዲስን ከ5,300 በላይ ቦታ ቀርቦ 800 ያህሉ ሰው ሳያገኝ ቀርቷል። በዚያው ዓመት በሁሉም ዘርፍ ከተወዳደሩት የውጭ ሀገር ዜጋ የሆኑ የውጭ ምሩቃን ቦታ ያገኙት ከመቶ 58 ያህሉ ብቻ ናቸው። ባዶ ወንበርና ቆሞ የሚጠብቅ ሐኪም ጎን ለጎን አሉ ማለት ነው።

ለምን አይገናኙም? የመጀመሪያው በር ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. የተባለው የውጭ ምሩቃንን የሚያረጋግጥ ድርጅት ነው። ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ፈተናዎችን ማለፍን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናን፣ በቀጥታ ከተማሩበት ትምህርት ቤት የተረጋገጠ ዲፕሎማን ይጠይቃል። የቆዩ ሰዎች የሚያስታውሱት፣ በአስመሳይ በሽተኞች ላይ ይደረግ የነበረው የተግባር ፈተና በ2021 ቀርቷል። አገሩን ሁሉ ከሚያገለግሉት አምስት የፈተና ጣቢያዎች አንዱ አትላንታ ስለነበር፣ ስንቱ ከሌላ ስቴት መጥቶ በወገን ቤት ሶፋ ላይ አድሮ ተፈትኗል። ከጥር 2022 ወዲህ ደግሞ ስቴፕ ዋን «አልፏል፣ ወድቋል» ብቻ ሆኗል። ስለዚህ በውጤት ራስን ማስመስከሪያው ስቴፕ ቱ ነው። የኛዋ በፈተናው አልተቸገረችም። የተቸገረችው ከሀገር ቤት በሚመጣው ማረጋገጫ ነበር፤ ደብዳቤው ወራት ፈጀ።

ከሁሉም የከፋው ግን የምረቃ ዓመት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ማመልከቻውን ሰው ከማየቱ በፊት በኮምፒውተር ያጣራሉ፤ ከተመረቀ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነው በብዙ ቦታ እዚያው ይቀራል። «መጀመሪያ ተረጋጋ፣ ሥራ ያዝ፣ ቤተሰብህን አምጣ፣ ከዚያ ታጠናለህ» የሚለው የወዳጅ ምክር ሐኪሞቻችንን የጎዳው ለዚህ ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አሜሪካ ከተገባበት ቀን ሳይሆን ከተመረቁበት ቀን ነው። እህታችን ወሎ ውስጥ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት እናቶችን ያዋለደችበት ልምድ፣ እዚህ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቆሞ ከማየት የአራት ሳምንት ወረቀት ያነሰ ክብደት ተሰጥቶታል። ይህ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ማጣሪያው እንዲህ ነውና የአሜሪካ ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ የግድ ያስፈልጋል። (ይህን ጭንቀት የሚነግዱበትም አሉ። «ክሊኒክ አስገባችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን የዘጋ «አማካሪ» ገጥሞናል።)

ወደ አመራረጡ ስመጣ፣ በእኛ ሰው መካከል የተለመደው «ለሁሉም ላክ» ነው። በ2025 ውድድር ለአንድ ዘርፍ እስከ 30 ፕሮግራም ለእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 30 ዶላር ይከፈል ነበር። ለ150 ፕሮግራም የላከ ሰው 3,930 ዶላር ከፍሏል፤ ከዚያ ውስጥ ምናልባት መቶው ማንም ሳያነበው ተጣርቶ ይወድቃል። ይልቅስ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የሬዚደንቶች ስም ዝርዝር ከፍቶ ከየት እንደተመረቁ መቁጠር ይሻላል። ከሃያ ሬዚደንት አንድም የውጭ ምሩቅ ከሌለ ድረ ገጹ የቱንም ያህል «ሁሉንም እንቀበላለን» ቢል መተው ነው። እኛ ይህን በሠንጠረዥ አውጥተን ወደ ስልሳ አወረድነው።

ቪዛም አለ። የኛዋ በዲቪ ስለመጣች አልነካትም። በጄ-ዋን የሚገባ ግን ሲጨርስ ሁለት ዓመት ወደ ሀገሩ መመለስ፣ አለዚያም ሐኪም በሌለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ለማገልገል ተስማምቶ ይህን ግዴታ ማስነሳት አለበት። ኤች-ዋን ቢ ስቴፕ ስሪን አስቀድሞ ማለፍን ይጠይቃል፤ በሴፕቴምበር 2025 በወጣው አዋጅ ደግሞ በአዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ተጨምሮበታል።

ሁሉም ሰው አትላንታ መቅረት ይፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም እንጀራውም እዚህ ነውና። ኤመሪና ሞርሃውስ ጥሩ ፕሮግራሞች አሏቸው። ነገር ግን በኦልባኒ፣ በሜከን ወይም በኮለምበስ ያሉትን «ገጠር» ብሎ ማለፍ አይገባም። ፋሚሊ ሜዲስን ብቻውን በሚሠለጥንበት ትንሽ ሆስፒታል፣ የማህፀንም ሆነ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ስለማይሻማ ማዋለዱም ሆነ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ለእርስዎ ይተርፋል። የሆስፒታሉንም የገንዘብ አቅም መጠየቅ ነውር አይደለም። አትላንታ ሜዲካል ሴንተር በኖቬምበር 2022 ሲዘጋ እዚያ ይሠለጥኑ የነበሩ ሬዚደንቶች ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

አሁን ወደ ሙያዬ የሚቀርበው ክፍል ደረስኩ፤ እሱም የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። «የሚወስድሽን ቦታ አንደኛ አድርጊ፣ ከፍ ያለውን ካስቀደምሽ ሁለቱንም ታጫለሽ» የማይላት አልነበረም። ስህተት ነው። ስሌቱ መነሻው ጌልና ሻፕሊ በ1962 ያወጡት ጽሑፍ ነው፤ አልቪን ሮት በ1990ዎቹ መጨረሻ ለማቹ አሻሽሎታል፤ ሮትና ሻፕሊ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አመልካቿን መጀመሪያ ወደ አንደኛ ምርጫዋ ይወስዳል። ቦታ ካለ፣ ወይም ፕሮግራሙ ለጊዜው ከያዛቸው ከአንዱ አብልጦ ከመረጣት ያስገባታል። ካልሆነ ወደ ሁለተኛዋ ትሄዳለች። ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ሁለተኛው ፕሮግራም ውስጥ አስቀድሞ የገባ ሰው ቢኖርም መግባቱ ጊዜያዊ ነው፤ ፕሮግራሙ እርሷን አብልጦ ከመረጠ ያ ሰው ወጥቶ እርሷ ትገባለች። ዘግይቶ መድረስ አያስቀጣም። ስለዚህ የልብን ፍላጎት በእውነት መደርደር ምንም አያሳጣም፤ ቦታ የሚያሳጣው ዝርዝርን ማሳጠር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት አራት ኢንተርቪው አግኝታ ሰኞ ጠዋት «አልተመደብሽም» የሚል ኢሜይል ደረሳት። በዚያው ሳምንት ለተረፉት ቦታዎች የሚደረገው ሩጫም አልሆነላትም። በሁለተኛው ዓመት አዲስ የተጨመረው ከአንድ የፋሚሊ ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ኢንተርቪው ዘጠኝ ሆነ፤ ሦስተኛ ካደረገችው ፕሮግራም ተመደበች።

እንግዲህ በአትላንታ ክሊኒክ ያላችሁ ሐኪሞቻችን አንድ ሰው ለአራት ሳምንት አጠገባችሁ አቁማችሁ፣ ያያችሁትን በእውነት ብትጽፉ የሚፈለገው እሱ ነው። ፕሮግራሞች ማመልከቻ ማንበብ የሚጀምሩት በሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ከዚያ በፊት መግባት አለበት። ሰው የሚደውልላችሁ እንግዲህ በጁንና በጁላይ ነው።