ጂኦሎጂ፤ ከመካነ ሰላም ደጋ ሲጀመር

የመጀመሪያውን ዓመት ያጠናቀቁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲሞሉ ጂኦሎጂን ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ከዝርዝሩ ግርጌ ነው። ሕክምናው፣ ምሕንድስናው፣ ኮምፒውተሩ ከላይ ይሰለፋል። ነጥቡ ሳይበቃው ቀርቶ ጂኦሎጂ የደረሰው ልጅ ቤት ሲደውል «ምንድን ነው እሱ?» ይባላል፤ «ስለ ድንጋይ ነው» ሲል ከወዲያ ያለው ሰው ዝም ይላል። ለዚያ ዝምታ መልስ አለ። በተለይ ልጁ የቦረና፣ የአማራ ሳይንት፣ የወግዲ ወይም የለጋምቦ ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የሚማረው ነገር ያደገበት ቀዬ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ የሚያይ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የገደሉን አሠራር ልብ ይበል። ቀጥ ያለ ጥቁር ግድግዳ፣ ከሥሩ ጋደል ያለ የሚታረስ ተዳፋት፣ እንደገና ግድግዳ፣ እንደገና ተዳፋት። ይህ ደረጃ የተሠራው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ ባፈሰሰችው ቅልጥ ዐለት ነው። አንዱ ፍሰት ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል፣ ባዛልት ይሆናል፤ ሌላው ይመጣና ከላዩ ይነጠፋል። ጠንካራው የፍሰቱ መሐል ግድግዳ ሆኖ ይቀራል፤ አረፋ የበዛበትና ቶሎ የሚበሰብሰው ክፍሉ ደግሞ ተዳፋት ይሆናል። በሁለት ፍሰቶች መካከል አንዳንዴ ቀይ ንጣፍ ይታያል። እሱ በሁለቱ ፍሰቶች መካከል በነበረው ፋታ የተፈጠረ አፈር ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ላቫ ጠብሶት ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከደላንታው ወገል ጤናና ከጎንደሩ ሊማሊሞ ገደል ናሙና ወስደው ዕድሜውን ለክተዋል። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ይህ ክምር አብዛኛው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ የፈሰሰ ሆኖ ተገኘ። ለምድር ይህ ጥድፊያ ነው። ከዚያም ሰባትና ስምንት ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዚሁ ንጣፍ ላይ ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች ተነሡ፤ በደቡብ ወሎ በኩል ጉጉፍቱ፣ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ጮቄ። የመካነ ሰላም ሰው የሚኖረው በእነዚህ ሁለት የጠፉ እሳተ ገሞራዎች መካከል ነው።

የዚህ አገር ድንጋይ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት መንገድ ያሳዝናል፤ ያስደንቃልም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣውን የእንግሊዙን ጄኔራል የናፒየርን ጦር ተከትለው መቅደላ ከደረሱት መካከል ዊሊያም ብላንፎርድ የተባለ በሕንድ የሚሠራ እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት ነበር። ጦሩ ብራናውንና ታቦቱን ዘርፎ ሲመለስ፣ ብላንፎርድ ማስታወሻውን ይዞ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1870 መጽሐፍ አወጣ። በሰሜኑ ጉዞ ያየውን አሸዋማ ድንጋይ በአዲግራት፣ የኖራውን ድንጋይ በአንታሎ ሰየመ፤ የእሳተ ገሞራውን ክምር ደግሞ ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን የአሸንጌ፣ የላይኛውን የመቅደላ ምድብ አለው። ዛሬ ዕድሜና ኬሚስትሪ ስለሚለካ ክፍፍሉ እሱ እንዳሰበው ቀላል እንዳልሆነ ታውቋል። ስሞቹ ግን እስከ ዛሬ የጂኦሎጂ ተማሪ ለፈተና የሚያጠናቸው ናቸው። አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነውና መካነ ሰላም ላይም ግቢ ያለው ተቋም የያዘው ስምም ይኸው መቅደላ አምባ ነው።

ትምህርቱ ከፍሬሽማኑ ጋር አራት ዓመት ነው። ተማሪው መጀመሪያ ማዕድንን መለየት ይማራል፤ ቀጥሎ ከማዕድን ድንጋይን፣ ከድንጋይ የአገርን አሠራር። ሚኒራሎጂ፣ ፔትሮሎጂ፣ ስትራቲግራፊ፣ ስትራክቸራል ጂኦሎጂ፣ ጂኦፊዚክስ፣ ሃይድሮጂኦሎጂ፣ ኢንጂነሪንግ ጂኦሎጂ እያለ ይሄዳል። ስሞቹ ያስፈራሉ፤ ሥራው ግን የሚጀምረው በእጅ ነው።

አንድ ጥቁር ድንጋይ ከቦረና ማሳ ዳር ይነሣ። ፀሐይና ዝናብ የበላው ቡናማ ቅርፊቱ ስለ ውስጡ ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በመዶሻ ይሰበራል። አሥር እጥፍ የሚያጎላው የእጅ ሌንስ ዓይን ላይ ይጠጋል፣ ከዚያ ድንጋዩ ወደ ሌንሱ ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ሌንሱን ወደ ድንጋዩ በመውሰድ ነው። በአዲሱ ፊት ላይ የጠርሙስ ስባሪ የሚመስል አረንጓዴ ፍሬ ካለ ኦሊቪን ነው፤ ነጣ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ፕላጂዮክሌዝ ናቸው። ክብ ክብ ቀዳዳዎቹ ላቫው ሲቀዘቅዝ ሊያመልጥ የሞከረው ጋዝ አረፋ ነው። ቀዳዳውን ነጭ ነገር ሞልቶት ከሆነ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ ቢንተከተክ ካልሳይት ነው፣ ዝም ቢል ዚዮላይት ወይም የኳርትዝ ዘር ሊሆን ይችላል። ይህንኑ ድንጋይ ላብራቶሪ ወስደው 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ሲፍቁት ብርሃን ያሳልፋል፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ያ ጥቁር ድንጋይ በቀለም ይሞላል። እዚህ ላይ ስለ እናቶቻችን አንድ ነገር ልበል። ለወፍጮ ቀዳዳ ያለውን ድንጋይ የሚመርጡት በምክንያት ነው፤ ድንጋዩ እያለቀ በሄደ ቁጥር አዲስ የቀዳዳ ጠርዝ ስለሚወጣ ስለቱ ቶሎ አይሞትም። ያ የመረጣ ዕውቀት ከሌንሱ በፊት የነበረ ጂኦሎጂ ነው።

ያለ ፊልድ ጂኦሎጂ የለም። ኮምፓስ፣ መዶሻ፣ ጂፒኤስ፣ ማስታወሻ ደብተርና የቦታው ካርታ ይዞ መውጣት፣ ንጣፉ ወደየት እንደሚያዘነብልና በስንት ዲግሪ እንደሆነ ለክቶ መጻፍ፣ ማታ ተሰብስቦ ካርታውን ማቅለም። በኢትዮጵያ ትልቁ የፊልድ ትምህርት ቤት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረው የዓባይ በረሃ ነው። ከሥር አሸዋማ ድንጋይ፣ ከላዩ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከዚያ ባሕር አገሩን ሸፍኖት በነበረበት ዘመን የተቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ እንደገና አሸዋማው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛው ባዛልት። ተማሪው በአንድ ቀን በአስፋልት ዳር ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ይወርዳል። ሰሞኑን ግን ጸጥታው ፊልድ የማያስወጣባቸው ቦታዎች በዝተዋል፤ መዶሻ ሳይነካ በፓወር ፖይንት ብቻ የተመረቀ ተማሪ ትልቅ ነገር ቀርቶበታል፤ ይህን ጉዳት እንደ ቀላል ማየት አይገባም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ፊልዱ ከመጸዳጃ እስከ ማደሪያ ድረስ ተጨማሪ ፈተና አለው፤ አስተማሪዎች አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

በአገራችን ትምህርቱን ያቆሙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ፖል ሞር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ፤ አባ ፒየር ጉዋን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበውን ታዛቢ ጣቢያ መሠረቱ። ከዩኒቨርሲቲው የአራት ኪሎ ትምህርት ክፍል ከወጡት አንዱ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በጂኦሎጂ ተመርቆ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን የሕፃን ቅሪተ አካል፣ ሰላምን፣ ያገኘው ቡድን መሪ ሆነ። ዛሬ መቐለ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ወሎና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ጂኦሎጂን ያስተምራሉ።

ድንጋይ የሚሰብሩ ተማሪዎችን ያየ ገበሬ የመጀመሪያ ጥያቄው «ወርቅ አገኛችሁ?» ነው። በእኛ ደጋ ባዛልት ውስጥ ለገበሬው ከወርቅ ይልቅ የሚቀርበው ውኃ ነው። ዝናቡ በባዛልቱ ስንጥቅ ሰርጎ ይወርዳል፤ ያልተሰነጠቀ ድንጋይ ወይም ያ ቀይ የሸክላ ንጣፍ ሲገጥመው መውረጃ አጥቶ ወደ ጎን ይሄድና በተዳፋቱ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው የሚገኙት ለዚህ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈርም ባለሙያው አራት ብረት መሬት ላይ ተክሎ በሁለቱ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ በሁለቱ ቮልቴጁን ይለካል፤ ደረቅ ያልተሰነጠቀ ዐለት ኤሌክትሪኩን ይቋቋማል፣ ውኃ የያዘው ያሳልፋል። ችግሩ እርጥብ ሸክላም ማሳለፉ ነው። ሁለቱን የሚለየው የአካባቢውን ድንጋይ ያወቀ ሰው ነው፤ ያለ እሱ የተቆፈረ ደረቅ ጉድጓድ የአንድ ቀበሌን ተስፋ ይዞ ይቀበራል።

መንገዱም እንዲሁ። ከደሴ ምዕራብ ያለው አገር ተዳፋት ይበዛበታል፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሚንሸራተተው ቦታ የላላ አፈር ጥብቅ ዐለት ላይ የተቀመጠበትና ውኃ በመካከላቸው የገባበት ነው። ደላንታ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ፤ ኦፓሉ ያለው በገደሉ ወገብ ላይ ባለ ቀጭን የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነው። ወጣቶች ንጣፉን እየተከተሉ ዋሻ ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ፤ ዋሻው ሲደረመስም ሕይወት ጠፍቷል። የጣሪያው ዐለት የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ አይቶ «እዚህ ግንድ አቁሙ፣ እዚያ አትግቡ» የሚል ሰው በየወረዳው መኖር ነበረበት።

ሥራ ይገኛል ወይ ለሚለው እውነቱን መናገር ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ካለፈም በኋላ ሥራ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ቀጣሪዎቹ የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱ፣ የውኃና የማዕድን ቢሮዎች፣ የግድብና የመንገድ ተቋራጮች፣ የሲሚንቶና የወርቅ ኩባንያዎች ናቸው። ጂአይኤስን (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትን) እና ሪሞት ሴንሲንግን (የሳተላይት ምስል ማንበብን) በደንብ የያዘ፣ ሪፖርት አጥርቶ የሚጽፍና በእግሩ የሚሄድ ይቀድማል።

ምርጫው ላይ ያለ ተማሪ ለዕረፍት ቤቱ ሲገባ ራሱን ለመፈተን የሚያስፈልገው ደብተር፣ ስልክና ጀሪካን ብቻ ነው። የሰፈሩ ምንጭ ጋ ይውረድ፤ ውኃው ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚወጣ፣ ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ አንድ መሆን አለመሆኑን ይጻፍ። በበጋ የማይደርቀው የቱ እንደሆነ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልኩ ይቁጠርና 20ን በሰከንዱ ቁጥር ያካፍል፤ የሚያገኘው የምንጩ ፍሰት ነው፣ በሊትር በሰከንድ። ይህንኑ በመስከረምና በግንቦት ቢደግመው የውኃ ቢሮ ባለሙያ ከልቡ የሚፈልገው መረጃ በእጁ ገባ ማለት ነው።