ወተትና እንቁላልም ሲቀር፦ ከቬጀቴሪያን ወደ ቪጋን አመጋገብ

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ምግብ ዓይነቶች ስናስተምር ከተማሪዎች ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ሥጋ ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን ወተትና እንቁላልም ብተው እታመማለሁ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ አይደለም። የምንተወው ምን እንደሚሰጠን አውቀን ከተካነው አንታመምም። ሳንተካ ዝም ብለን ከተውነው ግን ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ቬጀቴሪያን የሚባለው ሥጋና ዓሣ የማይበላ፣ ነገር ግን ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል የሚመገብ ሰው ነው። ቪጋን ደግሞ እነዚህንም ይተዋል፤ ብዙዎቹ ማርም አይበሉም። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ውስጥ ነው። ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ «ቬጀቴሪያን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያና መጨረሻ አገጣጥመው ነው ያወጡት።

ለእኛ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ምግቡ አዲስ አይደለም። ሽሮ በዘይት፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ይህ ሁሉ የጾም ምግብ ነው። ሆኖም ጾምና ቪጋንነት በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ፋሲካ ይመጣና ይፈሰካል። ሰውነት የጎደለውን መልሶ የሚሞላበት ጊዜ ያገኛል። ቪጋን የሆነ ሰው ግን ፍስክ የለውም። ስለዚህ «እናቶቻችን ሲጾሙ ምንም አልሆኑም» የሚለው ክርክር ብቻውን አያስተማምንም።

ትልቁ ጉዳይ ቪታሚን ቢ12

ቢ12 የሚሠራው በባክቴሪያዎች ነው። እኛ የምናገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በወተትና በእንቁላል በኩል ነው። በምስር፣ በጎመን፣ በጤፍ ውስጥ የለም። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ መጠን ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 1 ማይክሮግራም ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ሥጋ የተወ ሰው ወተትና እንቁላል በደንብ ካገኘ ሊበቃው ይችላል። እነሱንም ሲተው ግን ምንጩ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል።

አሳሳቹ ነገር ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ማጠራቀሙ ነው። አንድ ሰው ቪጋን በሆነ በመጀመሪያው ዓመት ምንም ላይሰማው ይችላል። «ይኸው ደህና ነኝ» ይላል። ክምችቱ ሲያልቅ ግን ድካም፣ የደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መርሳት ይመጣል። የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። አትክልትና ጥራጥሬ ፎሌት የተባለውን ቪታሚን በብዛት ስለሚሰጡ ደግሞ የደም ማነሱ ሳይታይ ነርቭ ብቻ ሊጎዳ ይችላል።

ቢ12 ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ማለትም ቪጋን የሚለው ቃል በወጣበት ጊዜ የሚጎድለውን ነገር በስሙ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኛ ግን ዛሬ እናውቃለን። መፍትሔውም ሁለት ነው፦ ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ወይም የቢ12 እንክብል። በእርዳታ የሚሰጠው የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት (ሲኤስቢ ፕላስ) ቢ12 ይጨመርበታል፤ ወተትም የለበትም። ገንፎው ለቪጋን ይሆናል ማለት ነው። እንክብል ለመውሰድ ግን የክሊኒኩን ባለሙያ አማክሩ።

ሌሎቹስ በምን ይተካሉ?

ፕሮቲን፦ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። እንጀራ በሽሮ፣ ሩዝ በምስር፣ በኬንያ ደግሞ በቆሎና ባቄላ ተቀቅሎ የሚበላው ጊዘሪ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። በአንድ ሰዓን ላይ መሆን የለባቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከተበሉ ይበቃል።

ካልሲየም፦ ሰሊጥ፣ ጤፍ፣ ጎመን ወይም ሱኩማ ዊኪ። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየም ቢኖራቸውም ሰውነት ብዙውን አይወስደውም፤ ጎመን ይሻላል።

ብረት፦ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን። ከእነሱ ጋር ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመር ሰውነት ብረቱን በደንብ ይወስዳል። ሻይና ቡና ግን ያግዱታል። ስለዚህ ሻዩን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ነው። የወር አበባ የሚያዩ ልጃገረዶች ይህን አይርሱ።

ዚንክ፦ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ አለ፤ ግን ተይዞ ይቀመጣል። ባቄላን ማሳደር፣ ማብቀል፣ ሊጥን ማቡካት ይፈታዋል። የእንጀራ እርሾ ጥቅሙ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

አዮዲን፦ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ። ክዳኑን ዝጉ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

ጉልበት፦ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሲቀሩ ስብም ይቀንሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ኦቾሎኒና ሰሊጥም ይረዳሉ።

ማን መጠንቀቅ አለበት?

እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር። በካምፕ ውስጥ ምርጫችን ጠባብ ነው። ራሽን ይቀነሳል፤ ገበያው ላይ ያለው በገንዘብ ነው። ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ዶሮ የምትጥለው እንቁላል የልጆቹ ዋና ምግብ ከሆነ፣ የሚተካው ሳይገኝ መተው አይመከርም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ቢ12 ካላገኘች ሕፃኑም አያገኝም። ሕፃን ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት የለውም፤ የአእምሮ እድገቱ ሊጎዳ ይችላል። እንደዚህ ዓይነት እናቶች ሳይቆዩ ክሊኒክ ይሂዱ።

በምግብ እጥረት ለታመመ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የወተት ዱቄት አለበት። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው ሲኤስቢ ፕላስ ፕላስም እንዲሁ። እነዚህ ለልጁ መድኃኒት ናቸው። ትልቅ ሰው የራሱን አመጋገብ ይመርጣል፤ የታመመን ልጅ ሕክምና ግን ማቋረጥ አይገባም።

እንዴት ይጀመር?

በአንድ ቀን ሁሉን መጣል አያስፈልግም። መጀመሪያ ሻይ በወተቱን በሻይ ብቻ፣ ቅቤውን በዘይት ቀይሩ። ቀጥሎ እንቁላሉን በምስር ወይም በሽምብራ ተኩ። የመጨረሻውን ወተት ከመተዋችሁ በፊት ቢ12 ከየት እንደምታገኙ ወስኑ። ይህን መመለስ ካልቻላችሁ ትንሽ ወተት ይዞ መቆየት ሽንፈት አይደለም።

ለመምህራን፦ የክፍል ሥራ

ተማሪዎች ይህን ያስሉ። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም ያልበሰለ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። አንድ ብርጭቆ ወተትና ሁለት እንቁላል የሚተወው ሰው ስንት ግራም ምስር ይተካለታል? (መልስ፦ 20 ግራም ፕሮቲን ስለሚጎድል 83 ግራም ያህል ምስር።) ከዚያ በኋላ «ምስሩ የማይተካው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። «ቢ12» ካሉ ትምህርቱ ገብቷቸዋል።